የ60 ዶላሩ ራውተርና የነጋዴው ሒሳብ

በዛሬው የአዲስ አበባ ንግድ የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ ሽያጩም ይጓተታል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደንበኛው ጥሬ ገንዘብ ሳይዝ ገበያ መውጣት ለምዷል። የባንክ ዝውውር መግባቱን ማረጋገጥም ሆነ ከመጋዘን ጋር ሒሳብ ማመሳከር በዚሁ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ቀድሞ ነጋዴው ምርጫ አልነበረውም። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ሁለተኛ መስመር ከሁለተኛ ድርጅት መግዛት ተቻለ። ችግሩ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ሱቅ ውስጥ ማዋሃዱ ላይ ነው። ከመስመሩ ጋር የሚሰጠው ተራ ሞደም ብዙውን ጊዜ ይህን አይሠራም። የሚሠራው ባለ ብዙ ፖርት ራውተር ነው።

ውድ ዕቃ ግን አያስፈልግም። የላትቪያው ሚክሮቲክ ኩባንያ ሄክስ የተባለው ራውተርና የቲፒሊንክ ኢአር605 ባለ አምስት ፖርት ሲሆኑ፣ በውጭ ገበያ ዋጋቸው 60 ዶላር አካባቢ ነው። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ ይህ ከ3,400 ብር ብዙም አይበልጥም ነበር። ምንዛሪው በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ ያው ዕቃ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታከል ከ6,000 ብር በላይ ሆነ። ቢሆንም ከአንድ ቀን ሥራ መፍታት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከባድ አይደለም።

የትልልቅ ኩባንያዎች ዕቃ ካልሆነ አይታመንም የሚሉ አሉ። አሥር ኮምፒዩተር ላለው ሱቅ ይህ አያስኬድም። የሁለቱም ራውተሮች ፖርት በሰከንድ አንድ ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ ሱቁ የሚከራየው መስመር ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ምርጫው በሌላ ነገር ይወሰናል። ሄክስ ብዙ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ኢአር605 ደግሞ ለጀማሪ ይቀላል። ሁለቱም ዋይፋይ ስለሌላቸው የዋይፋይ ማሰራጫ ለብቻው ይገዛል።

እውነተኛው ወጪ ያለው ተከላው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሚክሮቲክ ራውተሮች ላይ የደኅንነት ክፍተት ተገኝቶ ኩባንያው በሚያዝያ ወር ማስተካከያውን በነፃ አወጣ። በነሐሴ ግን ከብራዚል ጀምሮ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ራውተሮች በሰርጎ ገቦች ተይዘው ለክሪፕቶ ገንዘብ ማምረቻ ሲውሉ ተገኙ። ባለቤቶቹ ማስተካከያውን አልጫኑም ነበር። ዕቃውን ያስደፈረው ርካሽነቱ ሳይሆን ገዝቶ መርሳቱ ነው።

ስለዚህ ነጋዴው ለባለሙያ ከመክፈሉ በፊት አራት ነገር መጠየቅ አለበት። አንደኛ፣ የራውተሩ ሶፍትዌር ታድሶ የፋብሪካው የይለፍ ቃል መለወጡን፤ ከውጭ ወደ ማስተካከያ ገጹ መግባት መዘጋቱንም። ሁለተኛ፣ የሒሳብ ኮምፒዩተሮች በአንድ ፖርት፣ የእንግዶች ዋይፋይ በሌላ ፖርት ተለያይተው አንዱ ሌላውን እንዳያይ መደረጉን። ሦስተኛ፣ ራውተሩ የመስመሩን ደህንነት የሚፈትሸው ከሞደሙ ባሻገር ባለ አድራሻ መሆኑን፤ ሞደሙን ብቻ ከጠየቀ መስመሩ ሞቶም ደህና ነው ይላልና። ይህን ለማረጋገጥ ባለሙያው ፊት የመጀመሪያውን መስመር ከሞደሙ ጀርባ መንቀል ይበቃል። አራተኛ፣ የማስተካከያው ቅጂና የይለፍ ቃሉ በባለቤቱ እጅ መቅረቱን።

መብራት ሲጠፋም ራውተሩ ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚፈልግ አነስተኛ ዩፒኤስ ያቆየዋል፤ ሞደሞቹም አብረው መሰካት አለባቸው።

ራውተሩን በቅናሽ አግኝቶ የተከላውን ክፍያ ለመቆጠብ የሚሞክር ነጋዴ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ይሆናል። ከዕቃው ዋጋ የማያንስ ገንዘብ ለተከላው መመደብ ብክነት አይደለም፤ የሱቁን ሽያጭ መጠበቅ ነው።