እንዶዱን ሁሉም ያውቃል፤ ጥያቄውን ማን ጠየቀ?

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው ስለ ወርቅ ሳይሆን ስለ እንዶድ ነው። አዎ፣ ሳሙና ብርቅ በነበረበት ዘመን ነጠላና ጋቢ ይታጠብበት የነበረው ያው እንዶድ! ምን አዲስ ነገር አለው ትሉን ይሆናል። እስኪ ቆዩን።

በ1964 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እንቁጠር) ወጣቱ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። የቢልሃርዚያ ትል ወንዝና ኩሬ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ልጆች ሲዋኙ፣ እናቶች ልብስ ሲያጥቡ፣ ገበሬው መስኖ ሲያጠጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ዶክተሩ ታዲያ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን ትንሽ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ልብ በሉ! ሴቶቹ አረፋውን ከእናቶቻቸው ጀምሮ ያውቁታል። ቀንድ አውጣውም ያኔ መሞት አልጀመረም። የጎደለው «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነበር።

ከዚያስ? በ1966 አዲስ አበባ ላይ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ የሚጠራው በእሳቸው ስም ነው። በ1989 ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ፣ ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በመሃል ያለፉት ዓመታት ግን ቀላል አልነበሩም። የእንዶድ ደኅንነት በታወቁ ላቦራቶሪዎች ደረጃ ይመርመር ተባለ፤ ያን ዓይነት ላቦራቶሪ ደግሞ እኛ ዘንድ አልነበረም። በ1990ዎቹ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚዘጋውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ። ዶክተር አክሊሉም የተሳተፉበት ምርምር ነበር፤ ፓተንቱ ግን የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የዓድዋ አጣቢዎች ስም እዚያ ላይ የለም።

ይህን ስንል «የጥንት ነገር ሁሉ ጥሩ ነው» ማለታችን አይደለም። እንዶድ ሲጠጣ መርዝ ነው፤ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ መመርመሩ ተገቢ ነበር። የሚቆጨን መርማሪው ሁልጊዜ ሌላ ሰው መሆኑ ነው። የአያቶቻችን እውቀት የምርምር መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

«ዛሬ እኮ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ፤ እንዶድ ምን ያደርጋል?» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው፣ ክኒኑ ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ወንዙ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ግን አይነካውም። ልጁ ዛሬ ክኒኑን ውጦ ነገ እዚያው ወንዝ ይገባል፤ በሽታውም ይመለሳል። መድኃኒቱ እያለም ቢሆን የንጹሕ ውሃና የቀንድ አውጣ ጉዳይ አላለቀም።

ሕግ የለንም እንዳንል፣ በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰቡ ከእውቀቱ ከሚገኘው ጥቅም እንዲካፈል መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን ማንም ጠይቆ ያላጠናውን እውቀት አዋጅ ብቻውን ወደ ጥቅም አይለውጠውም።

እኛ ወጣቶች በሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ደረታችንን ለመንፋት አንሰንፍም። ጓዳ ገብተን «እማዬ፣ ይሄ ለምን ይጠቅማል? እንዴትስ አወቃችሁት?» ለማለት ግን ጊዜ የለንም። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋን እያላችሁ አትጨነቁ፤ ርዕሱ ጓዳ ውስጥ ነው። ስትጽፉ ደግሞ ያሳየቻችሁን ሴት ስም፣ ፈቃዷን ጠይቃችሁ፣ አብራችሁ ጻፉ።

ቸር እንሰንብት!