ከመጠምጠም መማር ይቅደም

አንድ የኮምፒውተር ኔትወርክ ተመራቂ አግኝታችሁ ብትጠይቁት፣ ሰባቱን የኦኤስአይ ሌየሮች ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይወጣላችኋል። በቃሉ፤ ልክ እንደ ዳዊት። እሰየው! አሁን ደግሞ አንድ ሜትር የኔትወርክ ገመድ፣ ሁለት አርጄ 45 እና አንድ ክሪምፐር ስጡት። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በዚህ ተራ አሰልፎ፣ እኩል ቆርጦ፣ አስገብቶ፣ ጨምቆ፣ በቴስተር ፈትሾ ያሳያችሁ። የሙያው ሀ ሁ ይኼ ነው። ሀ ሁን ሳይቆጥር ዳዊት የደገመው ስንቱ ይሆን?

ወረቀቱ ላይ ችግር የለም። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 391 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። በ2000 ዓ.ም. የመጣው ስትራቴጂ ደግሞ «ስንት ዓመት ተማረ?» የሚለውን ትቶ «ምን መሥራት ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ሲኦሲ እያልን የምንጠራው የብቃት ምዘናም ከዚሁ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። እኛ ግን ሲኦሲን ጥምጣም አደረግነው። ተማሪው ላለመውደቅ ያጠናል፣ አሠልጣኙ ለማሳለፍ ያስተምራል፣ ኮሌጁ ባሳለፈው ቁጥር ይመሰገናል። የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ግን ጥምጣም አይቶ አይነሣም።

እስቲ ከደካ ወይም ከጨና ተነሥቶ ቦንጋ ላይ ሊማር የመጣ ወጣት እናስብ። ወላጆቹ ቡና ሸጠው ነው የቤት ኪራዩን የሚከፍሉለት። ሃርድዌርና ኔትወርክ ያጠናል። ሕጉ ከኮሌጁ ውጭ፣ በሥራ ቦታ እንዲለማመድ ያዛል፤ የትብብር ሥልጠና ይሉታል። አዲስ አበባ ቢሆን እሺ፤ ቢያንስ የጥገና ሱቅ በየመንገዱ አለ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካፋ ላይ ግን ይኼን ሁሉ ሠልጣኝ የሚቀበል የኮምፒውተር ድርጅት ከየት ይምጣ? ስለዚህ መንግሥት ቢሮ ይላካል። እዚያ ደብዳቤ ይተይባል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ሰዓት ይፈርማል። በመጨረሻ «በትጋት ሠልጥኗል» የሚል ማኅተም ይመታለታል። በምን ላይ ሠለጠነ? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሚያስቀው (ቢያስለቅስ ይሻላል እንጂ) ልጁ ፎቶ ኮፒ ከሚያነሣበት ክፍል ጀርባ ያለው ንብረት ክፍል ነው። «ከአገልግሎት ውጭ» የተባለ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና ዩፒኤስ ተከምሮ አቧራ የሚጠጣበትን ቢሮ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ አለ? ካፋ የዝናብና የደን አገር ነው፤ እርጥበቱ አለ፣ መብረቁ አለ፣ መብራቱ ሄዶ ሲመለስ የሚያመጣው ጣጣ አለ። ከዚያ ክምር ውስጥ ስንቱ የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ብቻ ነው? የስንቱ ዩፒኤስ ባትሪው ብቻ ነው ያለቀው? ራሙ ተነቅሎ ጫፉ ቢጠረግ ብቻ የሚነሣም አይጠፋም። ማሽን አጥቶ በሥዕል የሚማር ተማሪ እዚህ፣ ሐኪም አጥቶ የተቆለፈበት ማሽን እዚያ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል?

በሽታው አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲሰቀል፣ በወረዳ ኔትም የወረዳ ቢሮዎች ሲገናኙ፣ ዕቃው መጣ፤ የሚንከባከበው እጅ ግን በዚያው ልክ አልተዘጋጀም። ብዙው ፕላዝማ ጠጋኝ እያጣ ግድግዳ ላይ ደርቆ ቀረ። አሁን ደግሞ ጉዳዩ ከበድ ይላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። በፈተና ሰዓት ስዊቹ ቢሞት፣ ገመዱ ቢላላ፣ የሚጎዳው የልጁ ዕጣ ነው። ቦንጋም በ2014 ዓ.ም. አዲሱ ክልል ሲመሠረት ከማዕከላቱ አንዷ ሆናለች፤ ቢሮ ሲበዛ ገመዱም ይበዛል።

በዚያው 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዘመቻ ተጀመረ። ይሁን፤ ኮድ መማር ጥሩ ነው። ነገር ግን አምስት ሚሊዮን ሰው ኮድ ሲጽፍ ኮምፒውተሩን ማን ያነሣለታል? ኮድ ከዱባይም ሆነ ከደካ ይጻፋል። የተበጠሰ ገመድ ግን እቦታው ድረስ ሄዶ የሚቀጥል ሰው ይፈልጋል።

«በጀት የለም» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። እኔ የምለው በጀት አይፈልግም። በዞኑና በየወረዳው መጋዘን የተቆለፈው ማሽን ተመዝግቦ፣ በርክክብ ፈርሞ ለኮሌጁ ወርክሾፕ ይተላለፍ። «የመንግሥት ምስጢር አለበት» ከተባለ ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ይቅር፤ ለመማሪያ ሌላው ይበቃል። «ንብረት ይጠፋል» ለሚለውም፣ በስብሶ ካለቀ ንብረት ይልቅ ተፈትቶ ያስተማረ ንብረት አይሻልም? ሠልጣኙም ከመመረቁ በፊት የተወሰነ ቁጥር ያላቸውን ማሽኖች አስነሥቶ፣ የጠገነው ኮምፒውተር በስሙ ተመዝግቦ ለአንድ ትምህርት ቤት ይሰጥ። መዛኙም ወረቀቱን ከማየቱ በፊት ትምህርት ቤቱ ድረስ ይደውል፤ «የሰጣችሁ ማሽን ዛሬም ይሠራል ወይ?» ይበል።

ይሠራል ካሉ፣ ያኔ ይጠምጥም።