«ሞተሩ የተከፈተ» አውሮፕላን ለምን ይወደዳል?

መኪና ሲገዛ አይታችሁ ከሆነ ደላላው ቀድሞ የሚለውን ታውቁታላችሁ፦ «ሞተሩ አልተከፈተም!» ቪትዝም ይሁን ኮሮላ፣ ሞተሩ ካልተነካ ዋጋው ከፍ ይላል። ያገለገለ አውሮፕላን ላይ ግን ነገሩ ግልብጥ ነው።

«አውሮፕላን በቤት ዋጋ» የሚል ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። ውሸት አይደለም። ግን የሚነገራችሁ ግማሹ ብቻ ነው።

ሴስና ካራቫንን እንውሰድ። ባለ አንድ ሞተር ተርቦፕሮፕ ነው፤ ጠጠር ሜዳ ላይ ያርፋል። ነዳጁ ትልልቆቹ ጄቶች የሚቀዱት ኬሮሲን ስለሆነ ቦሌም ናይሮቢም አይቸግርም። የትንንሾቹ ፒስተን አውሮፕላኖች ቤንዚን ግን በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንደ ልብ አይገኝም። የእርዳታ ድርጅቶችና የቻርተር ኩባንያዎች ካራቫንን የሚወዱት ለዚህም ጭምር ነው። አዲሱ ግን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስለሚጠይቅ ብዙው ሰው ያገለገለውን ያያል።

ችግሩ ሞተሩ ላይ ነው። ብዙዎቹ ካራቫኖች ላይ ያለው ፒቲ6 የሚባለው የካናዳ ሞተር 3,600 ሰዓት ከበረረ በኋላ ተፈቶ ሙሉ እድሳት እንዲደረግለት አምራቹ ያዛል። መሃል ላይ ደግሞ እሳት የሚነድበት ክፍል ለብቻው ይፈተሻል። ሙሉ እድሳቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል። ስለዚህ 3,500 ሰዓት የበረረ ሞተር ያለው አውሮፕላን «በርካሽ» ቢሸጥላችሁ፣ ቀሪውን ሂሳብ ከ100 ሰዓት በኋላ ትከፍሉታላችሁ ማለት ነው። ገዢው «በቅርብ የተከፈተ» የሚፈልገው ለዚህ ነው።

የበረረበት ቦታም ይታያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ያንኑ ጉልበት ለማውጣት የበለጠ ይግላል። ባሕር ዳርቻ የኖረ አውሮፕላን ደግሞ ዝገት ይፈተሽበታል። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ከመዝገቡ ነው፤ የጥገና መዝገቡ የጠፋ አውሮፕላን ሞተሩ ቢያጉረመርምም ዋጋው ይወድቃል። ዕዳ እንዳለበትም ማጣራት ግድ ነው፤ አለበለዚያ የባንክ መያዣ የሆነ አውሮፕላን ገዝታችሁ ባንኩ ሊመጣባችሁ ይችላል።

አሁን ወደ እኛ አገር እንምጣ። ደህና ኩባንያ ለእድሳቱ በየበረራው ሰዓት ገንዘብ ያስቀምጣል። እድሳቱ 360 ሺህ ዶላር ይፈጃል ብንል በሰዓት 100 ዶላር ማለት ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት ይሄ በባንክ ዋጋ 5,700 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10,000 ብር አለፈ። በብር ሲያስቀምጥ የነበረ ሰው ሳያጠፋ፣ ሳይሰረቅ፣ የሞተሩ ግማሽ ገንዘብ አየር ላይ ቀረ።

በእኛ እይታ የአገር ውስጥ ትንንሽ በረራ ዋነኛ ፈተናው የመግዣው ገንዘብ ሳይሆን ይሄ ነው። መንገድ የማይደርስበት ቦታ ያለ በሽተኛን የሚያነሳው አውሮፕላን ሰዓቱ ሲሞላ ዶላር ካልተገኘ ይቆማል። ቆሞም ደግሞ ይበላል፦ ኢንሹራንስ አለ፣ የማቆሚያ ኪራይ አለ፣ ባይበርም በወር ተቆጥረው የሚደርሱ ምርመራዎች አሉ።