ሾፌሩስ?

ሰሞኑን በዶርማችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እንቅልፍ ነሥቶናል። «እውነተኛ የሾፌር መኪና የቱ ነው?» የሚል ነው። አንደኛው ወገን ማርሹ በእጅ የሚገባ፣ መሪው የመንገዱን ጠባይ ለመዳፍ የሚናገር የድሮ የጀርመን መኪና ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን «ኋላ ቀር!» ብሎ ያጣጥለውና ስክሪኗ የእንጀራ ምጣድ የሚያህል የኤሌክትሪክ መኪና ያወድሳል። ግራ ቀኙን አዳመጥን። አዳምጠን ስናበቃም አንድ ነገር ታዘብን፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሾፌር መኪና ሲወራ፣ ሾፌር የሚባል ሰው ስሙ አንዴ እንኳ አልተነሣም!

በቅድሚያ እውነቱን እንመን። የመኪና አፍቃሪዎቹ መነሻ ሐሳብ ትክክል ነው። መኪና መሪውን በያዘው ሰው ዙሪያ ይሠራ፤ እጁና እግሩ የሚፈልጉትን ዓይኑ ከመንገድ ሳይነሣ ያግኙ ነው የሚሉት። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤምኤክስ-5 የተባለችውን ትንሽ ባለሁለት ወንበር መኪና ሲያወጣ መሐንዲሶቹ የያዙት መመሪያ «ጂንባ ኢታይ» የሚል የጃፓኖች አባባል ነበር፤ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ማለት ነው። ይህ ለእኛ ማብራሪያ አያሻውም። ፈረስ ሲጋለብ እያየ ያደገ የሰሜን ሸዋ ልጅ፣ ልጓም በእጅ እንደሚናገር ያውቃል።

ስሕተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ያቺን የማዝዳ መኪና የሚገዛትና የሚነዳት አንድ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግን ሕዝቡን በሚያመላልሰው መኪና ላይ ሀብቱ የባለንብረቱ፣ መሪው የሾፌሩ ነው። ገዢው ሲመርጥ «ስንት ኩንታል ይጭናል? ስንት ሰው ይይዛል?» ብሎ ይጠይቃል። «ወንበሩ ወገብ ይደግፋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ባለንብረት ያያችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ!

ማስረጃ ለማግኘት ከደብረ ብርሃን እነዋሪ በሚወስደው መንገድ ላይ መቆም ይበቃል። ቅጥቅጡን እንይ። ከመነሻው አውቶቡስ አይደለም፤ ፋብሪካው ለጭነት ብሎ የሠራው የአይሱዙ ሻንሲ ነው። እዚህ ጋራዥ ገብቶ ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ አካል ወጣለት፣ ስሙም ከዚያው መጣ። ባሌስትራው ኩንታል እንዲሸከም የጠነከረ ነውና ጉድጓዱን ሁሉ ለሾፌሩ አከርካሪ ያስረክባል። ሚኒባሱንም እንይ። ከኋላ ለሰው የሚሆን ቦታ እንዲተርፍ ተብሎ ሾፌሩ ወደፊት ተገፍቶ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። የሙቀቱ ባለቤት እሱ፣ የትርፉ ባለቤት ሌላ!

የጅሩ ሰንጋ ለበዓል ወደ አዲስ አበባ ሲጫን አይተን እናውቃለን። እንዳይጎዳ ተብሎ ጭድ ይነጠፍለታል። ሾፌሩስ? የገዛ ጋቢውን አጥፎ ወገቡ ሥር ይወትፋል።

ክረምት ገብቶ ጥቁሩ መሬት ሲጨቀይ ደግሞ ጎማው መያዝ አለመያዙን ሾፌሩ የሚያውቀው በመቀመጫውና በመዳፉ ነው። እናንተ በዶርም «የመሪ ስሜት» እያላችሁ እንደ ወይን ጠጅ የምታጣጥሙት ነገር፣ እዚያ ከኋላ የተጫነው ሰው ሁሉ ነፍስ ነው።

«ዘመኑ ይፈታዋል» የሚሉ አሉ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ይህ አነጋገር በርትቷል። እኛ የኤሌክትሪክ ሞተርን አንቃወምም፤ ጭስ የለውም፣ ወንበር ሥርም አይጋገርም። የምንቃወመው ለስክሪን መስገድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እያስነዳ አሥራ ሁለት መኪኖችን ፈተነ። ሾፌሩ እንደ ሬዲዮ መቀየር፣ ሙቀት ማስተካከል ያሉ ተራ ነገሮችን እንዲሠራ ታዘዘ። በ2005 የተሠራች ቁልፍ በቁልፍ የሆነች አሮጌ ቮልቮ በ10 ሰከንድ ጨረሰች፤ 306 ሜትር መሆኑ ነው። ኤምጂ ማርቬል አር የተባለችው የቻይና ባለስክሪን ኤሌክትሪክ 44.9 ሰከንድ ፈጀች፤ 1,372 ሜትር! ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ዓይን ከመንገድ ወደ ስክሪን ሲመላለስ ማለት ነው። የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕም ይህን ተረድቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻን፣ ጥሩምባንና የዝናብ መጥረጊያን ለመሳሰሉት በእጅ የሚዳሰስ ቁልፍ የሌለው መኪና ነጥብ እንዲያጣ ወስኗል። ታዲያ እነሱ ወደ ቁልፉ ሲመለሱ እኛ ስክሪኑን ሥልጣኔ ብለን ልንሳለመው ነው?

ንድፍ ከየት መጀመር እንዳለበት የእነዋሪ እርሻ ራሱ ያስተምረናል። ገበሬው በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ጥልቀቱን በክንዱ ጫና ይወስናል። ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ከዓይኑ በፊት እጁ ይሰማል። ውኃ የሚቋጥረውን መሬት ለማጠንፈፍ እናቶችና ልጆች አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ መደብ ያወጡ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ኢልካ የተባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል መደብ ማውጫ መሣሪያ ሲነድፍ ከባዕድ ትራክተር አልተነሣም። ሁለት የአገሩን ማረሻ አጣምሮ ሠራው፤ እነዋሪም ላይ ተሞከረ። ገበሬው በሚያውቀው፣ እጁ በለመደው ጀመረ ማለት ነው።

«እኛ መኪና አንሠራም፣ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ይህ ማምለጫ ነው! አምቼ በዚህ አገር የጭነት መኪና መገጣጠም የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። የቅጥቅጡ አካል፣ ወንበር፣ መስታወት በየጋራዡ የሚወጣው በእኛው ሰዎች እጅ ነው። ምሕንድስና የምትማሩ ጓዶች ነገ እዚያው ትገባላችሁ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው መስመር ከሾፌሩ ወንበር ይሰመር። ወገብ የሚይዝ መቀመጫ፣ ያልተጋረደ እይታ፣ በጨለማ በእጅ የሚገኝ ቁልፍ። ቅንጦት ነው የሚል ካለ፣ ለደስታው የሚነዳው ሰው የሚገባውን ለእንጀራው የሚነዳው ለምን እንደሚነፈግ ያስረዳን።

እስከዚያው አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ ጋቢና ተቀመጡ። የሾፌሩን ጉልበት፣ ወገብ፣ እጅ ተመልከቱ፤ ጠይቁትም። ስትመለሱ ክርክሩን ከዚያ እንቀጥላለን።