«ድገም!» ማለት ብቻ ማስተማር አይደለም

እንደሚታወቀው እኛ እጩ መምህራን ነገ ከነገ ወዲያ በየወረዳው ተበትነን ከሕፃናት ፊት እንቆማለን። ፊደል እናስቆጥራለን፣ ቃል እናስነብባለን፣ እንግሊዝኛም እናስጀምራለን። በዚህ ሥራ ከአንድ መምህር አፍ ቶሎ ቶሎ የምትወጣው ቃል የትኛዋ ናት ቢባል «ድገም!» የምትለዋ ትመስለኛለች። ልጁ ይሳሳታል፤ ድገም! እንደገና ይሳሳታል፤ ድገም አልኩህ እኮ! ክፍሉ ይስቃል፤ ልጁ አንገቱን ይደፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አሠራር ልጁን የማይረዳበትን ምክንያት ማስረዳት ነው። ምክንያቱም አጭር ነው። መናገር የጆሮና የልብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአካል ሥራ ነው፤ የአካል ሥራ ደግሞ የሚለመደው አሠራሩ ሲታይ ነው።

እስቲ አንድ የጎጃም ገበሬ ሲያርስ ልብ ብለን እንመልከት። በአንድ እጁ እርፉን ይጫናል፣ በሌላው ጅራፉን ያነሣል፣ እግሩ ትልሙን ይከተላል፣ አፉ በሬዎቹን በየስማቸው ይጠራል። ድንጋይ ሲያጋጥመው እርፉን ቀለል ያደርጋል፣ ወገቡን ያጥፋል፣ ድምፁንም ይለውጣል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሲያደርግ «አሁን ክንዴ፣ አሁን ወገቤ» እያለ ለእያንዳንዱ አያዝም። የአካሉ ክፍሎች ተባብረው ለአንድ ዓላማ ያድራሉ፤ ዓላማውም ትልሙ እንዳይዛነፍ ነው።

ይህን መተባበር በመሣሪያ ካጠኑት ቀደምት ሰዎች አንዱ የሶቪየት ኅብረቱ ሳይንቲስት ኒኮላይ በርንሽታይን (1896–1966 እ.ኤ.አ.) ናቸው። በ1920ዎቹ በሞስኮ ማዕከላዊ የሥራ ኢንስቲትዩት፣ መሮ በመዶሻ የሚመቱ ሠራተኞችን ክንድ ላይ ትንንሽ አምፖሎች እያሰሩ የእንቅስቃሴውን መንገድ በፎቶግራፍ ያዙ። ያገኙት ነገር የሚያስገርም ነው። የሠለጠነ ሠራተኛ መዶሻው ዒላማውን አይስትም፤ ትከሻው፣ ክርኑና የእጁ አንጓ ግን በየምቱ አንድ ዓይነት መንገድ አይሄዱም። አንዱ ሲያጎድል ሌላው ይሞላል። ስለዚህ ለበርንሽታይን ልምምድ ማለት ያንኑ እንቅስቃሴ እንደ ማኅተም መደጋገም ሳይሆን፣ ያንኑ ችግር ደጋግሞ መፍታት ነው።

አፍስ እንዴት ነው የሚሠራው? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ከሰጡት ተመራማሪዎች መካከል ስኮት ኬልሶ ይገኙበታል። በአሜሪካ አገር በሐስኪንስ ላቦራቶሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉትን ሙከራ በ1984 (እ.ኤ.አ.) አሳተሙ። ተናጋሪው በአጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዴ «ባብ»፣ አንዴ «ባዝ» ይላል። መንጋጋው ሊዘጋ ሲል መሣሪያ ድንገት ወደ ታች ይጎትተዋል። «ባብ» ለማለት ከንፈር መግጠም አለበት፤ ስለዚህ መንጋጋው ሲጎተት የላይኛው ከንፈር ከወትሮው የበለጠ ወርዶ ይገጥማል። «ባዝ» ሲሆን ግን የሚረዳው ከንፈር ሳይሆን ምላስ ነው። ይህ እርዳታ የሚደርሰው ከ20 እስከ 30 በሚሆን የሰከንድ ሺኛ ውስጥ ነው። አስቦ ለማረም ጊዜ የለም ማለት ነው። ቃሉም ሳይበላሽ ይወጣል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የአገራችን ወንፈል ነው። በወንፈል አጨዳ አንዱ ሲደክመው ጎኑ ያለው የእሱን ድርሻ ይይዝለታል፤ ዋናው ነገር ማሳው መታጨዱ ነው። ከንፈር፣ ምላስ፣ መንጋጋ፣ ጉሮሮና ሳንባ እንዲሁ ወንፈል የገቡ ናቸው።

የእኚሁ ተመራማሪ ሌላ ሙከራ መሣሪያ አያስፈልገውም። እዚሁ ግድግዳው ሥር እንደቆማችሁ ሞክሩት። ሁለቱን ሌባ ጣቶቻችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ግራ፣ ከዚያ አንድ ላይ ወደ ቀኝ አወዛውዙ። በዝግታ ሲሆን ይሄዳል። ፍጥነት እየጨመራችሁ ስትሄዱ ግን ጣቶቻችሁ ሳታዟቸው አንዴ ወደ ውስጥ እየተቀራረቡ፣ አንዴ ወደ ውጭ እየተራራቁ መሄድ ይጀምራሉ። ችኮላ ሲመጣ አካል ወደሚቀለው መንገድ ያደላል። ከዚህ ተነሥቼ እኔ የምገምተው፣ በ«ቶሎ በል! ድገም!» የተዋከበ ልጅ አፉ ወደ ለመደው ወደ እናቱ ቋንቋ መንገድ ቢመለስ እልኸኝነት አለመሆኑን ነው።

የቤተ ክህነት መምህራን ይህን ሥርዓት በሥራ ያውቁታል። በአቋቋም መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ቁም ዜማው ይባላል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ከድምፁ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ጽፋት ላይ ይደርሳል። ድምፅ፣ እጅና እግር አንድ የሚሆኑት ከዝግታ ተነሥተው ነው። ማንም ከጽፋት አይጀምርም።

አሁን ወደ ክፍላችን እንመለስ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የአዊ አገር አለ። በዚያ ብዙ ልጆች አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው፤ በአንደኛ ደረጃም በቋንቋቸው ይማራሉ፤ አማርኛን ደግሞ እንደ አንድ ትምህርት ይወስዳሉ። ከእኛ መካከል ወደዚያ የሚመደብ አይጠፋም። አዊኛን ያጠኑ የቋንቋ ባለሙያዎች እንደመዘገቡት፣ በዚህ ቋንቋ እንደ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ ያሉ ድምፆች የሉም። የአዊ ሰው በአብዛኛው ሁለቱንም ቋንቋ አጣርቶ ይናገራል። ነገር ግን አማርኛን ዘግይቶ የሰማ ሕፃን «አባቴ መጣ» ለማለት «አባቴ መታ» ቢል ምን ይገርማል? እኔ በተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ይህችኑ «መጣ» ደወል እስኪደወል ድረስ ቆሞ እንዲደግማት የተደረገ ልጅ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ሲሞት እሱ ጭራሽ ዝም አለ። ከዚያን ቀን በኋላ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

ለመሆኑ እኛ ራሳችን «ጠ»ን እንዴት እንደምንላት እናውቃለን? ሞክሩት። ከባድ ዕቃ እንደምታነሡ ትንፋሻችሁን ጉሮሯችሁ ላይ ዝጉና ሳትተነፍሱ «ጥ»፣ «ቅ» ለማለት ሞክሩ። ድምፁ ይወጣል። በዚያው ሁኔታ «ስ» ወይም «ፍ» በሉ፤ እምቢ ይላችኋል። ለምን? «ስ» እና «ፍ» ከሳንባ የሚመጣ አየር ይፈልጋሉ። «ጥ» ግን ሁለት በር ዘግታ ነው የምትሠራው። ምላስ ከላይ ይዘጋል፣ ጉሮሮ ከታች ይዘጋል፣ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሣል፣ በመካከል ያለው አየር ይታመቃል፣ ከዚያ ምላስ ሲለቅ አየሩ ይፈነዳል። ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ ብታደርጉ ሲነሣ ይሰማችኋል። እነዚህ ድምፆች በኦሮምኛና በትግርኛም አሉ። የአማርኛዎቹን ደሪብ አዶ የተባሉ ምሁር በመሣሪያ ለክተው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ አቅርበዋል። እንግዲህ እውቀቱ ከአገራችን አለ፤ የጎደለው ከእውቀቱ ወደ ጥቁር ሰሌዳው የሚያሻግር ሰው ነው።

በሌላው ከመሳቃችን በፊት ደግሞ የራሳችንን አፍ እናዳምጥ። «ጸሎት» ተብሎ የተጻፈውን «ጠሎት»፣ «ፀሐይ»ን «ጠሐይ» የምንል እኛው ነን። በየገጠሩ ፖስታ «ቦስታ»፣ ፖሊስም «ቦሊስ» ይባላል። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስማ ምኑ ቅጡ! ምላስ በጥርስ መካከል ወጣ ብሎ የሚነገረውን ድምፅ አንዳችን «ዝ»፣ አንዳችን «ስ»፣ አንዳችን «ት» እናደርገዋለን። ታዲያ አእምሮ አንሶን ነው? አይደለም። ምላሳችን ያንን ወንፈል ገና አልገባም፤ የአዊው ልጅም ከዚህ የተለየ ነገር የለበትም።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሐሳብ ሳነሣባቸው «ሕፃን ከሰማ ይይዛል፤ አባቶቻችን ያለ ሳይንስ አይደል የተማሩት?» ይላሉ። ሕፃን በመስማት መያዙ እውነት ነው። ነገር ግን በቤቱ ቋንቋውን የሚለምደው ከጠዋት እስከ ማታ፣ የሚስቅበት ሳይኖር፣ የእናቱን አፍ ከቅርብ እያየ፣ ወራት ሙሉ ሲንተባተብ ቆይቶ ነው። እኛ የምንሰጠው በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ፣ ያውም ብዙ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ነው። ጊዜው ሲያጥር ማሳየት ይበልጥ ያስፈልጋል። «መሣሪያ የለንም» የሚሉም አሉ። የሚያስፈልገው ትንሽ መስታወት፣ ቁራጭ ወረቀትና የራሳችን ጣት ነው። የእንግሊዝኛው «ፐ» በቃል መጀመሪያ ላይ ሲባል ከከንፈር ፊት የተያዘች ስስ ወረቀት ትርገበገባለች፤ «በ» ሲባል ግን ያን ያህል አትነቃነቅም። ይህን ያየ ልጅ ልዩነቱን በዓይኑ ይይዘዋል።

በመሆኑም ለማሠልጠኛችን የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የማስተማር ዘዴ ትምህርት ውስጥ ድምፆች በአፍ ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳይ ተግባራዊ ክፍለ ጊዜ ይመደብ። ሁለተኛ፣ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ መምህሮቻችን የሚመለከቱት ስህተቱን ማረማችንን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳረምነው ይሁን። ሦስተኛ፣ እኛ እጩዎች ራሳችን ደንብ እናውጣ። «ድገም» ከማለታችን በፊት እናሳይ፤ ከዝግታ እንጀምር፤ ድምፁን ለብቻው ካሳየን በኋላ ቶሎ ወደ ሙሉ ቃልና ወደ ዓረፍተ ነገር እንመልሰው፤ ምክንያቱም የአፍ ክፍሎች የሚተባበሩት ለሚባል ነገር ነው እንጂ ለባዶ ድምፅ አይደለም። አራተኛ፣ በክፍላችን ማንም ልጅ በአነጋገሩ እንዳይሳቅበት እንከልክል፤ የሚያርም መምህር አብሮ የሚስቅ ከሆነ እርማቱ ምን ዋጋ አለው?

አሠልጣኞቻችን በዚህ ላይ ያላቸውን ተቃውሞም ሆነ ማሻሻያ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ቢለጥፉልን ደስ ይለናል። እስከዚያው ግን ወደ ልምምድ የምንወጣ ሁላችን አንድ ነገር ይዘን እንውጣ። ልጁ ሲሳሳት ከወንበራችን ተነሥተን አጠገቡ እንሂድ፣ ጣቱን ጉሮሮው ላይ ያድርግ፣ የእኛንም አፍ ከቅርብ ይይ። ከዚያ በኋላ «ድገም» ብንለው ምን እንደሚደግም ያውቃል።