ድሪምላንድ፦ የወዛደሩ ዕረፍትና የከበርቴው ትኬት

በኒውዮርክ ከተማ፣ በኮኒ አይላንድ የባሕር ዳርቻ፣ ከ1904 እስከ 1911 (እ.ኤ.አ.) ድሪምላንድ፣ ማለትም «የሕልም ምድር»፣ የሚባል የመዝናኛ ሥፍራ ነበር። ስለዚህ ሥፍራ እስከ ዛሬ የሚጻፈው በአብዛኛው የናፍቆት ጽሑፍ ነው። ነጩ ግንብ፣ አንድ ሚሊዮን የኤሌክትሪክ አምፑል፣ የጠፋው ገነት! እኛ ግን ታሪኩ ከትኬት መሸጫው መስኮት ተነሥቶ መታየት አለበት እንላለን።

ሥፍራውን ያቋቋመው ዊሊያም ሬይኖልድስ የቀድሞ የግዛት ምክር ቤት አባልና በመሬት ንግድ የታወቀ ከበርቴ ነበር። በ1903 የተከፈተው ጎረቤቱ ሉና ፓርክ በሩብ ሚሊዮን አምፑሎች ሕዝብ ሲስብ አይቶ ብርሃኑን አራት እጥፍ አደረገው። የብርሃኑን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ሳምንቱን በልብስ ስፌት ፋብሪካና በወደብ ሲለፋ ሰንብቶ፣ ከጠባብ የኪራይ ክፍሉ ወጥቶ የባሕር አየር ሊቀበል የመጣው ወዛደር ነው። የደመወዙ ሽርፍራፊ በየበሩ ትለቀም ነበር።

ማክሲም ጎርኪ በ1906 ኮኒ አይላንድን ጎብኝቶ፣ ከሩቅ የሚያስደንቀው ብርሃን ሲቀርቡት ባዶ መሆኑንና የሕዝቡን መሰላቸት ጽፏል። ስለ ነጋዴዎቹ የታየው እውነት ነው። ስለ ሕዝቡ ግን ከታላቁ ደራሲ ጋር በሙሉ አንስማማም። ስድስት ቀን አጎንብሶ የዋለ ሰው በሰባተኛው ቀን ሲስቅ፣ ያ ሳቅ የራሱ ነው፤ ማንም አልሰጠውም።

ለትርፍ ሲባል ግን ሰውም ሸቀጥ ሆኖ ቀርቧል። በድሪምላንድ ወደ 300 የሚጠጉ ድንክ ሰዎች በልካቸው በተሠራች ከተማ ውስጥ እየኖሩ ለተመልካች ይታዩ ነበር። በሉና ፓርክም በ1905 አሜሪካ በቅኝ ግዛትነት ከያዘቻት ከፊሊፒንስ የመጡ የኢጎሮት ተወላጆች ለትርኢት ቀርበዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው የሕፃናቱ ጉዳይ ነው። ዶክተር ተብሎ ይጠራ የነበረው ማርቲን ኩኒ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አድርጎ በትኬት ያሳይ ነበር። ከወላጆች አንድ ሣንቲም አይቀበልም፤ የነርሶቹ ደመወዝና የሕፃናቱ ወተት የሚሸፈነው ከተመልካቹ በሚሰበሰበው ገንዘብ ነበር። በዚህም መንገድ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ከሞት ድነዋል። ሰውየውን አንወቅስም። የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ በዚያ ባለጸጋ ከተማ ማሞቂያ ሣጥኑ ከሆስፒታል ይልቅ ከአንበሳ ትርኢት አጠገብ የተገኘው ስለ ምን ነው? መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። አምፑል ትርፍ ያስገኛል፤ የድሃ ልጅ እስትንፋስ ግን ትኬት ካልተቆረጠለት በስተቀር ምንም አያስገኝም።

ድሪምላንድ «እሳትን መዋጋት» የሚል ዝነኛ ትርኢትም ነበረው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ላይ እሳት ይለኮሳል፣ ነዋሪ የተመሰሉት ተዋንያን ከመስኮት ይዘላሉ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ያድናሉ። ታዲያ ነጩ ከተማ ራሱ ከምን ተሠርቶ ነበር? ከእንጨትና በላዩ ከተለበጠ የጄሶና የቃጫ ድብልቅ! ሜይ 27 ቀን 1911፣ ገና ሳይነጋ፣ ሠራተኞች «የሲኦል በር» በተባለው የጀልባ መዝናኛ የውሃ ፍሳሽ በትኩስ ሬንጅ ሲደፍኑ መብራቱ ጠፋ፤ በጨለማው ውስጥ የሬንጁ ባልዲ ተገለበጠ። ሲነጋ ድሪምላንድ አመድ ነበር። ብላክ ፕሪንስ የሚባለው አንበሳ ጋማው እየነደደ አምልጦ በፖሊስ ጥይት ወደቀ፤ ሌሎች ብዙ እንስሳት በየጎጇቸው ተቃጠሉ። ሕፃናቱን ግን ከሣጥኖቻቸው አውጥተው ሁሉንም አዳኗቸው።

ሬይኖልድስ መልሶ አልሠራውም፤ ቀድሞም ቢሆን ከሉና ፓርክ ያነሰ ገቢ ነበረው። ጎረቤቱ ጆርጅ ቲልዩ የራሱ መዝናኛ ሥፍራ በ1907 ሲቃጠል ፍርስራሹን በአሥር ሣንቲም ያሳየ ሰው ነውና፣ በዚያ ሠፈር አመድም ገበያ እንዳለው ይታወቅ ነበር። በድሪምላንድ ቦታ ላይ በ1957 የኒውዮርክ የዓሣና የባሕር እንስሳት ማሳያ ተከፈተ።

ማሞቂያ ሣጥኖቹ ከቃጠሎው በኋላም በኮኒ አይላንድ በትኬት መታየታቸውን ቀጠሉ። ትርኢቱ የተዘጋው በ1943፣ በከተማው ሆስፒታል ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ክፍል በተከፈተበት ዓመት ነው። ኩኒ ሕፃናቱን ለሕዝብ ማሳየት ከጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።