አሮጌ አውቶሞቢል የሚሸጥበትን ስፍራ ስለ መምረጥ

ዕቃ ዋጋ የሚያገኘው በራሱ መልካምነት ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ባለበት ገበያ ሲቀርብ ነው። የብራና መጽሐፍ በቁርበቱ ክብደት ቢመዘን ከጥቂት ብር አያልፍም፤ የጻፈውን እጅና የተጻፈበትን ዘመን ለይቶ በሚያውቅ ሊቅ ፊት ቢቀርብ ግን ክብሩ ይገለጣል። ብዙ ዘመን የኖረ አውቶሞቢልም ነገሩ እንደዚሁ ነው። በብረት ነጋዴ ሚዛን ላይ የወጣ እንደሆነ ውራጅ ብረት ይባላል፤ በዐዋቂዎች ፊት የቆመ እንደሆነ ግን የዘመን ምስክር ይባላል። ስለዚህ አሮጌ አውቶሞቢል ያለው ሰው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ «ወዴት ልውሰደው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆኑ ሁለት ሽያጮች በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ ተደርገዋል። በአሜሪካ የሚገኘው የኢንዲያናፖሊስ የእሽቅድምድም ሜዳ ሙዚየም፥ የመርሴዲስ ቤንዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 በስጦታ የሰጠው፥ በ1954 የተሠራ አንድ የእሽቅድምድም አውቶሞቢል ነበረው። ሙዚየሙ ገንዘብ ባስፈለገው ጊዜ፥ ታላላቅ የሐራጅ አዳራሾች በገዛ አገሩ ሞልተው ሳሉ፥ ይህን አውቶሞቢል ባሕር አሻግሮ ወደ ኩባንያው ከተማ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2025ም በኩባንያው ሙዚየም ውስጥ ከ51 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣ። ከዚያም አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያው ሙዚየም፥ በ1955 ሁለት ብቻ ከተሠሩት የመርሴዲስ አውቶሞቢሎች አንደኛው በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። ይህ ሁለተኛው ሽያጭ ለመጣው ሁሉ የተከፈተ ገበያ አልነበረም፤ የተጠሩት ተመርጠው የታወቁ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ የተገኘውም ገንዘብ ለወጣቶች ትምህርት መርጃ እንዲሆን ተወሰነ። በሁለቱም ጊዜ ሻጩ የፈለገው ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ስፍራ አይደለም፤ ዕቃውን የሚያውቁ ሰዎች የሚገኙበትን ስፍራ ነው።

ነገር ግን ይህን የሰማ ሁሉ አሮጌ አውቶሞቢሉን ጭኖ ወደ ታላቅ አዳራሽ ቢሮጥ ይሳሳታል። እርጅና ብቻውን ክብር አይሆንም። በሕዝብ ዘንድ «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራው ክቡ ቮልስዋገን፥ የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ተሠርቶ እስከሚያበቃ ድረስ፥ ከ21 ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን አውቶሞቢል ወደ ሩቅ አገር ለሐራጅ የላከ ሰው፥ የመርከቡ ኪራይና የሐራጅ ቤቱ ድርሻ ትርፉን ይበላበታል። የቮልስ እውነተኛ ገበያ በቅርብ ያለው ነው፤ ይኸውም እርሱን እየነዱና እያደሱ የኖሩ ባለቤቶች፥ ሞተሩንም በድምፁ የሚያውቁ መካኒኮች የሚገኙበት ነው። የብርቁ ገበያ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ የብዙው ገበያ ግን ጎረቤት ነው።

እንግዲህ ሻጭ ሊመርጣቸው የሚችላቸው መንገዶች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸውም ጥቅምና ጉዳት አላቸው። አንደኛው ሐራጅ ነው። ሐራጅ ተወዳዳሪ ገዢዎችን በአንድ ሰዓት በአንድ ስፍራ ስለሚያገናኝ ዋጋን ያንራል፤ ዳሩ ግን ሐራጅ ቤቱ ከሻጩም ከገዢውም ድርሻ ይወስዳል፤ ከገዢው የሚወስደውም ብዙውን ጊዜ ከመቶ 10 ወይም 12 ነው። ሁለተኛው ለነጋዴ መሸጥ ነው፤ ገንዘቡ ቶሎ ይገኛል፥ ነገር ግን የነጋዴው ትርፍ ከሻጩ ዋጋ ላይ የተቀነሰ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሦስተኛው ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት የሚዋዋሉበት ነው፤ የደላላ ወጪ ይቀራል፥ ሆኖም ድካሙና ጥንቃቄው ሁሉ በሻጩ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። አራተኛው በኢንተርኔት የሚደረገው ሐራጅ ነው፤ አውቶሞቢሉ ከስፍራው ሳይንቀሳቀስ ለብዙ አገር ገዢ ይታያል፥ ነገር ግን ገዢው በእጁ ዳስሶ ስለማያየው፥ ፎቶግራፉና ጽሑፉ ጉድለቱን ሳይቀር በእውነት መናገር አለባቸው።

የአዳራሹ ታላቅነትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 በካሊፎርኒያ በሞንቴሬይ ከተማ በተደረገ ታላቅ ሐራጅ፥ በ1939 የተሠራ አንድ የፖርሸ አውቶሞቢል ለገበያ ቀርቦ ነበር። በእንግሊዝኛ ቋንቋ አሥራ ሦስትና ሠላሳ የሚሉት ቃላት በድምፅ የተቀራረቡ ናቸውና፥ ሐራጅ ባዩ የተናገረው 13 ሚሊዮን ዶላር በሰሌዳው ላይ 30 ሚሊዮን ሆኖ ታየ፤ እስከ 70 ሚሊዮንም ከተቈጠረ በኋላ 17 ሚሊዮን ነው ተብሎ ታረመ። ሕዝቡ በቍጣ ጮኸ፤ አውቶሞቢሉም ሳይሸጥ ቀረ። ገበያ የሚቆመው በመታመን ነው፤ አንድ ጊዜ የተናጋ እምነት በዚያው ቀን አይመለስም። ስለዚህ ሻጭ ስፍራውን ሲመርጥ፥ የሐራጅ ቤቱ ድርሻ ስንት እንደሆነ፥ ከዚያ በታች የማይሸጥበት ዋጋ የቱ እንደሆነ፥ ገንዘቡም በስንት ቀን እንደሚከፈል አስቀድሞ በጽሑፍ ማስወሰን ይገባዋል።

ይህ ነገር የግል ባለቤቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ሹማምንትንም ይመለከታል። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው የሚኖሩ አሮጌ አውቶሞቢሎች አሉ። እነዚህ ከተሰበረ ወንበርና ከዛገ ቆርቆሮ ጋር በአንድ ዝርዝር ገብተው ሲሸጡ፥ መዝገቡ ይዘጋል፥ ግቢውም ይጸዳል፤ ነገር ግን የተሸጠው ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ ደግሞ፥ በአገር ውስጥ የቀሩት አሮጌዎች ምትክ የማይገኝላቸው ሆነዋል። ተቈራርጦ የቀለጠ አውቶሞቢል በማናቸውም ዋጋ አይመለስም። ቅርስ የሆነም ዕቃ ከአገር የሚወጣው በሕግ ፈቃድ መሆኑን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ይደነግጋልና፥ የውጭ ገበያ የሚያስብ ሻጭ ይህን አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

ስለዚህ ከሽያጭ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይደረግ። በመጀመሪያ የሻንሲው ቍጥርና የሞተሩ ቍጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ ማን እንደ ነዳው፥ ማንም እንዳደሰው የሚያስረዱ ወረቀቶች ይሰብሰቡ። ቀጥሎ ዋጋ በመገመቱ የማይጠቀም ዐዋቂ ይየው፤ ሊገዛ የመጣ ሰው የገመተው ግምት ግምት አይባልም። በመጨረሻም የሁሉ መንገድ ወጪ ተቀንሶ በሻጩ እጅ የሚቀረው ገንዘብ ይነጻጸር። ከፍ ያለ ዋጋ ሁሉ ከፍ ያለ ገቢ አይደለም።

ይህን ሁሉ የፈጸመ ሰው ወደ ሐራጅም ቢወስደው፥ ለጎረቤቱም ቢሸጠው፥ ለሙዚየምም ቢሰጠው በኋላ አይጸጸትም። ዛሬ የሚመረጠው የሽያጭ ስፍራ፥ አውቶሞቢሉ ነገ በማን እጅ እንደሚኖር የሚወስን ነውና፥ ለአንድ ቀን ገንዘብ ሲባል በችኮላ ሊመረጥ አይገባም።